የውሰት አባት

አንድ ግንበኛ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ወንድ ልጁን ሚልኪያስን ለብቻው ያሳድጋል። ልጁ በሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠዋትና ማታ ያልፋል እንጂ አንድም ቀን ግቢውን ረግጦት አያውቅም። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ሁልጊዜ ሥራ አለበት። ደብተርና ዩኒፎርም ገዝቻለሁ፣ የቀረው የመምህራን ፈንታ ነው ይላል። እንዲህ የሚል ወላጅ እሱ ብቻ አይደለም፤ እናውቃቸዋለን።

አንድ ምሽት ልጁ ፈራ ተባ እያለ ነገ ወላጅ ይዞ እንዲመጣ መታዘዙን፣ ካላመጣም እንደሚባረር ነገረው። ግንበኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው፣ ነገ አርማታ የሚሞላበት ቀን ስለሆነ ሥራውን ጥሎ መሄድ እንደማይችል መለሰ። ለምን እንደተጠራ አልጠየቀም። ልጁም አልደገመለትም።

በማግስቱ ግንበኛው በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ፌቨን የምትባል ተማሪ አስቆመችው። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። አባቷ ሥራ አለብኝ ብሎ እንደቀረባት፣ ዛሬ ወላጅ ካላመጣች እንደምትባረር ነገረችው።

"ጋሼ፣ አባቷ ነኝ ይበሉልኝ፤ ብዙ አያቆዩዎትም" ብላ ለመነችው።

ግንበኛው እንዲህ ያለችውን ልጅ የሚተው ምን ዓይነት አባት ነው እያለ ሰውየውን በሆዱ እያማ ተከትሏት ገባ።

ርዕሰ መምህርቷ ፊት ሲቀርብ ምላሱ ተፈታ። ልጄ ናት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እየመጣሁ እከታተላታለሁ አለ። እንዲያ ማውራት እንደሚችል ራሱም አያውቅም ነበር። ርዕሰ መምህርቷ አመስግና ልትሸኘው ስትል በሩ ተንኳኳ።

የገባው ሚልኪያስ ነው። አጠገቡ መናኸሪያ የሚውል አንድ ደላላ አባት ሆኖ ቆሟል።

አባትና ልጅ ተያዩ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ግንበኛው ቢናገር የሁሉም ውሸት ይወጣል፣ ልጆቹም ይባረራሉ። ዝም ቢል ደግሞ ዓይኑ እያየ ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ሊሆን ነው። ዝም አለ።

ርዕሰ መምህርቷ ደላላውን በጥርጣሬ አየችው። "አባቱ ከሆኑ ስለ ልጅዎ ምን ያውቃሉ?" አለችው።

ደላላው አልተደናገጠም። "አሥረኛ ቢ ነው። ዓይኑን ስለሚያመው ሰሌዳው አይታየውም። ከክፍል የሚጠፋውም መምህሩ አንብብ ሲለው ስለሚያፍር ነው" አለ።

ግንበኛው በየማታው አብሮት ራት የሚበላውን ልጅ ሕመም ከደላላ አፍ መስማቱ ነው። ሕመሙ ይቅርና አሥረኛ ቢ መሆኑንም አያውቅም ነበር። ደላላው ልጁን ያወቀው ዛሬ ጠዋት ነው። ልጁ አባት ይሁኑኝ ብሎ ከመናኸሪያ ሲያመጣው መንገድ ላይ፣ ለምን ተጠራህ ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም ነገረው።

"መምህርት፣ ይህ ልጅ የኔ ነው" አለ ግንበኛው።

"አሁን እኮ ልጄ ይቺ ናት ብለውኝ ነበር።"

"ዋሽቻለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ አባት ለመሆን ጊዜ አገኘሁ፤ ለገዛ ልጄ ግን አጣሁ።"

ፌቨን ማልቀስ ጀመረች። ሚልኪያስ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ደንቡ ሁለቱንም ለማባረር ይፈቅዳል፤ ግንበኛው እውነቱን ስለተናገረ ግን ርዕሰ መምህርቷ አላባረረቻቸውም። ሚልኪያስ ወደ ክፍሉ እንዲገባ ነገረችው። ወደ ግንበኛው ዞራ ግን፣ "የፌቨን ጉዳይ በእርስዎ እጅ ነው። አባቷን ዛሬውኑ ያምጡልኝ" አለችው።

ግንበኛው አርማታውን ትቶ ሄደ። የፌቨንን አባት ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቶ አገኘው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ሥራ እንዳለበት ነገረው። ግንበኛው ይህን መልስ ያውቀዋል፤ ትናንት ማታ የራሱ ነበር።

"ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት የልጅህ አባት እኔ ነበርኩ" አለው።

ሰውየው ከመኪናው ሥር ወጣ። የእጁን ግራሶ ሳይታጠብ አብሮት ሄደ።

ወላጆች ሆይ፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ የተማሩ መሆን አያስፈልግም፤ ደላላውም አልተማረም። ለምን ተጠራህ ብሎ መጠየቅና አብሮ መሄድ ይበቃል። እናንተም ተማሪዎች፣ ለመንገደኛ የምትነግሩትን ጭንቀት ለቤታችሁ ንገሩ፤ ባይሰሙአችሁም ድገሙላቸው። ልጅ፣ ወላጅና መምህር ካልተገናኙ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው የማያውቀውን ልጅ ነው።

ልጅዎ ዛሬ ወላጅ ይዘህ ና ቢባል፣ የሚሄደው ወደ እርስዎ ነው ወይስ ወደ መናኸሪያ?