የኔታ ሽበቱ እና አፈ ጠባቡ ቅል

ድሮ ድሮ ነው ልጆቼ። ጦጣ ትምህርት ቤት ትገባ በነበረበት ዘመን፣ ስሙን ከነገሩኝ አያቴ ጋር በቀበርነው አገር፣ የኔታ ሽበቱ የሚባሉ ሽማግሌ ጦጣ ነበሩ። ከወንዝ ዳር ሾላ ላይ ተቀምጠው የጦጣ ልጆችን ከሰው ማሳ ነጥቆ መብላትን ያስተምሩ ነበር። ሌብነት ነው ብላችሁ አፋችሁን አታጣሙ፤ ለጦጣ እርሻዋ እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣ "የያዘ እጅ?" ይላሉ።

"አይለቅም" ይላሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

"ዱላ ቢመጣ?"

"አይለቅም።"

"ውሻ ቢመጣ?"

"አይለቅም።"

ከዚያ ፈተና አለ። ለየልጁ አንዳንድ የሾላ ፍሬ ያስይዙና፣ ሌላ ወሬ ሲያወሩ ቆይተው ሳይታሰብ፣ "ልቀቁ" ብለው ይጮኻሉ። ደንግጦ የለቀቀ ጆሮውን ይቆነጠጣል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ደምሴ የሚባለው ልጅማ ሁልጊዜ እየለቀቀ ጆሮው አብጦ የሰው ጆሮ አክሎ ነበር። እንኮዬ የምትባለው ትንሽ ጦጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ለቃ አታውቅም። "እንደሷ ሁኑ" ይላሉ የኔታ፤ አመስግነዋት አይጠግቡም።

እውነቱን ልንገራችሁ? የኔታ ራሳቸው ለቀው ያውቃሉ። በወጣትነታቸው አንድ ገበሬ አፉ በጠበበ ቅል ውስጥ ሽምብራ ጨምሮ ከጉቶ ጋር አስሮት ነበር። ባዶ እጅ ይገባል፣ የጨበጠ እጅ አይወጣም። ገበሬው ሲመጣባቸው ሽምብራውን እዚያው ትተው እጃቸውን አወጡና ሮጡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ባዶ እጅ መመለሱ ግን አሳፈራቸው። ስለዚህ ለወገኖቻቸው፣ "ከውሾች አፍ ነጥቄ፣ እዚያው በልቼ መጣሁ" አሉ። በዚች ውሸት ጀግና ተባሉ፤ ጀግና ስለተባሉም መምህር ተደረጉ። የቅሉ ነገር እንደተዳፈነ ቀረ።

አንድ ቀን ልጆቹን ይዘው ወደ በቆሎ ማሳ ወረዱ። ሌሎቹ አንዳንድ እሸት ይዘው ዛፍ ላይ ወጡ፤ እንኮዬ ግን ቀረች። የኔታ ዞር ቢሉ ከጉቶ አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ እጇ እስከ ክንዷ ቅል ውስጥ ገብቷል። ቅሉን ሲያዩ ያ የድሮው ወጥመድ መሆኑን አወቁት። ገበሬው ደግሞ ዱላውን ይዞ፣ ውሻውን አስቀድሞ ከዳገቱ እየወረደ ነው።

"እንኮዬ፣ ልቀቂ" አሉ ከዛፉ ላይ።

እንኮዬ ፈገግ አለች። "አይለቅም" አለች።

"የምሬን ነው ልጄ፣ ልቀቂው።"

"ዛሬም አያታልሉኝም፣ የኔታ" አለች፣ መዳፏን ይበልጥ እየጨበጠች። ልጆቹም ከላይ፣ "ጎበዝ እንኮዬ፤ የያዘ እጅ አይለቅም" እያሉ አበረታቷት።

ያን ጊዜ የኔታ ሽበቱን የያዛቸው እፍረት ለጠላትም አይስጥ። ልጅቷ ልትሞት የደረሰችው ትምህርት አልገባት ብሎ አይደለም፤ የሳቸው ትምህርት በደንብ ስለገባት ነው። እዚያው ዛፍ ላይ ሆነው ቢጮኹ ዋጋ እንደሌለው አወቁ። ወረዱና እዚያው ጉቶ ላይ ወደታሰረ ሌላ ቅል ሄደው እጃቸውን ከተቱ።

"እዪኝ። ሽምብራውን ጨበጥኩ፤ እጄ አይወጣም።" ቢስቡ ቢስቡ እንቢ አለ። ውሻው ማሳው ውስጥ ገብቶ ይጮሃል። "አሁን ደግሞ ፈታሁት።" ባዶ እጃቸው ወጣ። "በወጣትነቴ ያመለጥኩት እንዲህ ነው። ከውሻ አፍ የነጠቅኩት ነገር የለም። የበላሁትም የለም። ዋሽቻችኋለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ልቀቂ።"

እንኮዬ ቀና ብላ እንባቸውን አየች። የኔታ ሲፈትኑ አልቅሰው አያውቁም። እጇን ፈታች። ሁለቱ ዘለው ዛፉን ሲይዙ የውሻው ጥርስ የየኔታን የጅራት ጫፍ በጥሶ አስቀረ።

ወንዙን ተሻግረው ካረፉ በኋላ እንኮዬ ጠጋ አለች። "የኔታ፣ ይህን ድሮም ያውቁት ነበር?"

"አውቀው ነበር።"

"ታዲያ ደምሴን ለምን ይቆነጥጡት ነበር?"

የኔታ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው።

በማግስቱ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሾላው ላይ ተሰበሰቡ። የኔታ ቅጠል ውስጥ ተደብቀው ብዙ ቆዩ፤ አገር ጥለው ለመሄድም አስበው ነበር። ኋላ ግን ወጡና፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ ሳይሆን ልጆቹ ከሚቀመጡበት ተቀመጡ።

"የያዘ እጅ?" አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልመለሰም።

"መልቀቅም ይማራል" አሉ ራሳቸው። "ይህን ከሁላችሁ በፊት ያወቀው ደምሴ ነው፤ እኔ ግን ቀጣሁት።" ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡት። "በል ልጄ፣ ቆንጥጠኝ።"

ደምሴ አፈረ። እጁን ዘርግቶ ጆሯቸውን ነካ ብቻ አደረገና መለሰ። ብትቆነጠጥ ይሻል ነበር፤ ያች ጆሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስታቃጥላቸው ኖረች።

እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም ስታቀብሉ አትደብቁ። ለዚህ ነው አያቴ እንዲህ ይሉ የነበረው፦ የመምህር ስህተት፣ ቢናገሩት ያሳፍራል፤ ቢደብቁት ያስቀብራል።