ወለሉ ላይ የተኛው

አንድ ሰው ነበረ። ጡረታ የወጣ ብረት ሠሪ ነው፤ ቤቱ ደሴ፣ ዳገት ላይ። ለልጁ ሠርግ «ቢራውን ራሴ እጠምቃለሁ» አለ። ብቅሉን አበቀለ፣ ጌሾውን ቀቀለ፣ ቢራው ሲደርስ ምድር ቤት ወስዶ በሦስት የብረት በርሜል ሞላው። ድራፍት ቤት እንደምታዩት ከጎኑ የጋዝ ሲሊንደር አቆመ። ቢራውን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዙ ነው።

ሲሊንደሩን አስሞላ። በማግሥቱ ባዶ ሆነ። ደግሞ አስሞላ። ባዶ! ቱቦውን ለወጠ፤ ቧንቧውን ለወጠ። ሽታ የለም፣ ድምፅ የለም። ወገኖቼ፣ ጋዙን ማን ይጠጣዋል?

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መብራት ጠፍቶ ነበርና ሻማ ይዞ ወረደ። ቧንቧውን ሊያይ ጎንበስ ሲል ሻማው ጠፋ። ለኮሰው። ቆሞ ሲይዘው ይበራል፤ ወደ ጉልበቱ ዝቅ ሲያደርገው እልም! ነፋስ የለም። መስኮቱ ዝግ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ለኮሰ። የማይታይ ሰው ወለሉ ላይ ተጋድሞ እፍ የሚልበት ይመስል፣ እዚያችው ቁመት ላይ ሲደርስ ጠፋ።

ዘወር ሲል ገብስ ልትለቅም የገባችው ዶሮ ከነጫጩቶቿ ግድግዳው ሥር ተኝታለች። ቁስል የለም። ደም የለም። ግን አንዳቸውም አይተነፍሱም።

ምን አደረገ? ወጣ። ቆለፈ። በሩ ላይ ጠበል ረጨ። ሚስቱ ወይዘሮ ዘርፌ «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» ብትለው፣ «ምንም» አላት። «ቤታቸው ጋኔን አለበት» ተብሎ የልጁ ሠርግ እንዳይበላሽ ፈራ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዘርፌ ድስት ልታወጣ ሌላውን ቁልፍ ይዛ ወረደች። ቆየች። ቢጠሯት ዝም። ባልየው ሮጦ ቢወርድ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ሊያነሳት ሲያጎነብስ የገዛ ጉልበቱ ከዳው።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለ ባልየው።

ጎረቤታቸው እንድሪስ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ደርሶ «አይጎንበሱ! ቀና ይበሉ! ይውጡ!» ብሎ ጮኸ። ባልየው ግድግዳ ተደግፎ ሲወጣ፣ እሱ መስኮቱን በዶማ ሰበረ፣ በሩን በረገደ፣ ትንፋሹን ይዞ ገባና ሴትየዋን ከብብቷ ጎትቶ አወጣት። ደጅ አስተኟት። ቆይታ፣ ቆይታ አቃሰተች። ተረፈች።

«ጋኔን ነው» አለ ባልየው። «ሻማ ያጠፋል።»

«መቼ ነው ያጠፋው?»

«ከሦስት ቀን በፊት።»

እንድሪስ ራሱን ያዘ። «አይ ጋሼ! ምነው ቢነግሩኝ? እኛ ጉድጓድ ስንገባ መጀመሪያ የበራ ኩራዝ ነው የምናወርደው፤ ከጠፋ አንገባም። ይሄ ከሲሊንደሩ ያመለጠው የርስዎ ጋዝ ነው፤ እሳት ያጠፋል፣ ትንፋሽ ያሳጣል። ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል።»

ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀቡት። ሲሊንደሩ አንገት ላይ አረፋው ተነፋ። እዚያ ያለችውን የጎማ ቀለበት ሰውየው ራሱ ነበር ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ ያበጃት። ሌላ ሰው የሠራውን ሁሉ ለወጠ። የገዛ እጁን ሥራ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረም።

ሠርጉ ያለ ቢራ ተደገሰ። ዘርፌ ራሷን አስራ ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጠች። እሱ ቀኑን ሙሉ እጇን አልለቀቀም ይባላል።

ወገኖቼ፣ ጠበሉ ምን አጠፋ? ጠበል ቅዱስ ነው። ግን «ምንም» ብላችሁ በቆለፋችሁት በር ላይ ትረጩታላችሁ?

በየቤታችን ሳቅ ጠፍቷል፤ «ማን አየን፣ ማን ደገመብን?» እንላለን። ቤት እንለውጣለን፣ ሠራተኛ እንለውጣለን። ከእኛው ከገዛ አንደበታችን የሚያፈተልከውን ቂም ማን ፈተሸ? ለንስሐ አባታችሁ ነገራችሁ? ለጎረቤትስ?

እናንተ አባወራዎች፣ ቆማችሁ ስትሄዱ ምንም አይሰማችሁም። በእናንተ ቁመት አየሩ ደህና ነው። ቂም ግን ከባድ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ተንበርከኩና ልጆቻችሁ የሚተነፍሱትን ተንፍሱ።