አልረጋ ያለው ቮልቴጅና የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዶሮ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። የምነግራችሁ እውነት ነው፤ ውሸት የጨመርኩበት ለጨው ያህል ብቻ ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንዲት ሽታዬ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ዳሯት። ለሠርጉ ሦስት መቶ ሰው መጣ ይላሉ፤ እኔ ስቆጥር ሦስት ሺህ ነበር። እናት ግን ጓዳ ውስጥ አርባ ድስት ሲያማስሉ ውለው፣ ሙሽራዋ መኪና ስትገባ እንኳ ሳያዩ ቀሩ። ጎረቤታቸው ደብሬ ደግሞ ምላሷ አያርፍም። "ልጅሽማ ጥርሷን እያሳየች ነው የወጣች፤ ጠብ ያለ እንባ የለም" አለቻቸው። ነገሩ እንደ እሾህ ተሰካባቸው። ከዚያ ወዲያ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የሠርጉን ፊልም አይተው፣ ልጃቸው ስትወጣ አስታውሳቸው እንደሆነ ማወቅ። የመልሱ ግብዣ ደግሞ ነገ ነው፤ ፊልሙም የሚታየው ያኔ ነው።

ገስግሰው ሠርጉን ወደ ቀረጸው ወደ አንዳርጌ ፎቶ ቤት ሄዱ።

"አንተ አንዳርጌ፣ ፊልሜስ?"

አንዳርጌ ቆሎውን ቆረጠም አደረገ። "ምን ላድርግ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ። ለመልሱ ይድረስ ብዬ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ከልኩ በላይ ከፍ ባደርገው፣ ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርቅ ይላል።"

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። "ምን ሆነህ ነው የማትጨርስ?"

"ፕሮሰሰሩ አልሮጥ ብሎኝ ነው" አለ ኮምፒውተሩ።

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተር አንጎል ነው፤ ቁመቱ የጣት ጥፍር፣ ሥራው የአርባ በሬ። "አንተስ ለምን አትሮጥም?"

"ቮልቴጁ አልረጋ አለኝ። አንዴ እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ያቃጥለኛል፣ አንዴ ጠብ ጠብ ብሎ ያዞረኛል።"

ኮምፒውተሩ አልጨርስ አለ፣ ፕሮሰሰሩ አልሮጥ አለ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ልጃቸውን አላዩ።

"አንተ ቮልቴጅ፣ ምን ያቅበጠብጥሃል? ርጋ እንጂ።"

"ስንት ላይ ልርጋ? ማዘርቦርዱ፣ ሁላችንን የተሸከመው ሰሌዳ፣ ቁጥር አልቆርጥ አለ። አውቶ ላይ ትቶኛል። እንዳሻህ ሁን የተባለ ማን ረግቶ ያውቃል?"

ኮምፒውተሩ አልጨርስ አለ፣ ፕሮሰሰሩ አልሮጥ አለ፣ ቮልቴጁ አልረጋ አለ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ልጃቸውን አላዩ።

"ማዘርቦርድ ሆይ፣ ቁጥር ቁረጥለት።"

"የምቆርጠው የማስተካከያ ገጼ ሲከፈት ነው። የምትከፍተው ኪቦርዱ ላይ ያለችው ዲሊት የምትባለዋ ቁልፍ ናት፤ እሷ አልጫን አለች።"

"አንቺስ?"

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አለች ቁልፏ። "ከሥሬ የገብስ ቆሎ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ።"

አንዳርጌ አንገቱን አቀረቀረ። በመርፌ ሞከረ፣ በወረንጦ ሞከረ፤ እኔም ማረሻ አምጥቼ ነበር፣ ከለከሉኝ።

ቆሎው ከውስጥ ሆኖ፣ "ከአንዳርጌ ጥርስ የተረፍኩ በወረንጦ አልጎተትም። እንደ ወጉ ዶሮ ትልቀመኝ" አለ።

ኮምፒውተሩ አልጨርስ አለ፣ ፕሮሰሰሩ አልሮጥ አለ፣ ቮልቴጁ አልረጋ አለ፣ ማዘርቦርዱ አልቆርጥ አለ፣ ቁልፏ አልጫን አለች፣ ቆሎው አልወጣ አለ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ልጃቸውን አላዩ።

ወደ ቤት ሮጡ። ቀይዋ ዶሯቸው ጥግ ላይ ተኝታለች።

"ተነሽ፣ የምትለቅሚው ቆሎ አለ።"

"አልለቅምም። እግሬ ታስሯል፣ እሜቴ።"

"የትኛው ክፉ ነው ያሰረሽ?"

ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። "እርስዎ ነዎት። ነገ ለመልሱ ሊያርዱኝ።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቁጭ አሉ። "ታዲያ ያለ ዶሮ ወጥ ምን መልስ አለ? ደብሬስ ምን ትለኛለች?"

"እንዳሉ ይሁን። ነገም እኔን ሲያማስሉ ጓዳ ይውላሉ። ፊልሙን ማን ያይልዎታል?"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከተቀመጡበት ተነሱ። ገመዱን ፈቱት፤ ዶሮዋን ታቅፈው ፎቶ ቤት አደረሷት።

ገመዱ ተፈታ፣ ዶሮዋ ቆሎውን ለቀመች፣ ቆሎው ወጣ፣ ቁልፏ ተጫነች፣ ማዘርቦርዱ "አንድ ነጥብ ሦስት ቮልት፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ" ብሎ ቆረጠ፣ ቮልቴጁ እንደ ሽማግሌ ረጋ፣ ፕሮሰሰሩ ሮጠ፣ በሩጫው የፎቶ ቤቱ ጣሪያ ሦስት ክንድ ተነሳ፣ ኮምፒውተሩም ጨረሰ።

በማግስቱ እንግዳው ሁሉ ሽሮ ቀረበለት። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጓዳ አልገቡም፤ ከሽታዬ ጎን፣ ከፊልሙ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ። ሽታዬ መኪናው በር ላይ ቆማለች፤ ጥርሷ ይታያል።

"አላልኩም?" አለች ደብሬ።

ሚዜው የመኪናውን በር ከፈተ። ሽታዬ አልገባ አለች። ጎተቷት፤ አልገባ አለች። ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራ፣ "እማዬን ሳላይ አልገባም" አለች፤ ሚዜው አቅፎ አስገባት። በዕለቱ የሠርጉ ጭፈራ ድምፅዋን ውጦት ኖሯል፤ ካሜራው ግን ሰምቷት ነበር።

ደብሬ ሽሮዋን ጎረሰች።

"እኮ ጠብቄሽ ነበር" አለች ሽታዬ።

እናትየው እጇን ያዙ። "መጣሁ፣ ልጄ። ድስቱ አልለቅ ብሎኝ ነው።"

ዶሮዋ ዛሬም ኮምፒውተሩ ላይ ተኝታለች፤ ሙቀቱ ስለረጋላት ሃያ አንድ ጫጩት ፈለፈለች። አንዳርጌ ቆሎ ተከልክሏል። ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተረፈውን ሽሮ ለእኔ ተዉ።