ክፍሉ ይውረድልኝ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንድ ደረጃ ላጫውታችሁ።

ትርሲት የምትባል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ልጅ ነበረች። አምስተኛ ክፍልን ምድር ቤት ተማረች። ስድስተኛ ክፍል ግን ፎቅ ላይ ሆነ። ጓደኞቿ እየተንጋጉ ሲወጡ እሷ ደረጃ ሥር ቀረች። ትምህርቱን ከታች ሆና በጆሮዋ ትለቅማለች፤ ጥቁር ሰሌዳው ግን አይሰማም። አንጀት ይበላል። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ ይውረድልኝ።

እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ወደ መምህሩ ሄደች።

«እኔማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ርእሰ መምህሩ ካላዘዙ አላወርድም» አሉ።

ወደ ርእሰ መምህሩ ሄደች። «መምህሩ አላወርድም አሉ፣ ልጄ ደረጃ ሥር ቀረች።»

«የወረዳ ደብዳቤ ካልመጣ አላዝም።»

ወደ ወረዳ ሄደች። «ርእሰ መምህሩ አላዝም አሉ፣ መምህሩ አላወርድም አሉ፣ ልጄ ደረጃ ሥር ቀረች።»

«አቤቱታ ሰሚው ካልወሰኑ አልጽፍም» አለች የወረዳው ባለሙያ።

አቤቱታ ሰሚው አቶ ጓንጉል እዚያው ወረዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት የለም። ማን እዚያ እንደሰቀላቸው አትጠይቁኝ፤ እኔም ተናድጃለሁ። እናት እያለከለከች ደረሰች። «ባለሙያዋ አልጽፍም አለች፣ ርእሰ መምህሩ አላዝም አሉ፣ መምህሩ አላወርድም አሉ፣ ልጄ ደረጃ ሥር ቀረች።»

«አመልካቿ በአካል ካልቀረበች ፋይል አልከፍትም» አሉ።

በማግስቱ ትርሲትን ይዛት መጣች። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ጎንበስ አለች። «ነይ ልዘልሽ።»

«አይ እማ፣ ወገብሽ! ዛሬስ እሳቸው ይውረዱ።» ትርሲት ከደብተሯ ቅጠል ቀድዳ ጻፈችና ለእናቷ ሰጠቻት፤ እናት ይዛው ወጣች።

አቶ ጓንጉል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «በአካል ቀርቤያለሁ። ታች ነኝ።»

ደግመው አነበቡ። ከዚያ ፋይሉን ብብታቸው ሥር፣ ማህተሙን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው፣ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወረዱ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ደረጃ ስንት ዓመት ወጣሁት፤ ዛሬ ገና አየሁት። ይቅር በዪኝ።»

ፋይሉን ጭኗ ላይ ዘረጉት፤ እዚያው ጻፉ፣ እዚያው ማህተም መቱ።

በሉ እንግዲህ! ፋይሉ ሲከፈት አቤቱታ ሰሚው ወሰኑ፣ ሲወስኑ ባለሙያዋ ጻፈች፣ ስትጽፍ ርእሰ መምህሩ አዘዙ፣ ሲያዙ መምህሩ አወረዱ። ስድስተኛ ክፍል ዴስኩን ተሸክሞ እየጮኸ በደረጃው ወረደ።

ፊት ረድፍ ላይ የአንድ ዴስክ ቦታ ባዶ ተትቷል። ትርሲት ወንበሯን ገፍታ ገባችበት፤ ልክ ሆነ። ቀና ብላ ጥቁር ሰሌዳውን አየችው።

ተረቴንም እዚሁ ምድር ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ማንም ይድረስበት።