አራተኛው ትከሻ

አንድ የወረዳ ገዥ ነበር። ሚስቱ በጠና ታመመችና ወንዝ ማዶ ወዳለው ጠበል ልትወሰድ ሆነ። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ወንዙ ሳይሞላ መሻገር አለባቸው። በዚያ አገር በሽተኛ የሚሄደው በቃሬዛ ነው። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይቀበሏቸዋል።

የገዥ ሚስት ናትና በማለዳ አርባ ያህል ሰው መጣ። እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም እየተባባሉ ተጋፉ። አንዱማ እሜቴን ካልተሸከምኩ ይሄ ትከሻ ምን ያደርግልኛል እያለ ጓደኛውን ገፍትሮ ገባ። ገዥው በበቅሎ ሆኖ ከኋላ ይከተላል። በዕድሜው የሰው ቃሬዛ ተሸክሞ አያውቅም።

መንገዱ ሳይጋመስ አንድ ፈረሰኛ ደርሶ ገዥው መሻሩን ተናገረ። ክፉ ቃል የተናገረ ሰው የለም። ግን አንዱ ጫማው እግሩን ልጦት ቁጭ አለ። አንዱ በሬውን ሳያስር መምጣቱ ትዝ አለው። ያ ትከሻዬ ምን ያደርግልኛል ያለውም ትከሻውን እያሸ ወደ ኋላ ቀረ። ገዥው ዞር ባለ ቁጥር ሰው ያንሳል። ደመናውም ይጠቁራል። ወንዙ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሦስት ተሸካሚ ብቻ ቀረና ቃሬዛው መሬት ተቀመጠ። ሁለቱ የሚስቱ ወንድሞች ናቸው። ሦስተኛው አያ ጓንጉል ነው፤ ገዥው አምና በሐሰት ምስክር ፈርዶ መሬቱን ያስነጠቀው ሰው።

ገዥው አፈረ።

"አንተ ምነው አልሄድክ? የበደልኩህ አንተን ነበር" አለው።

"ጌታዬ፣ እኔ የተሸከምኩት በሽተኛ ነው፤ ሹመት አልተሸከምኩም። የመሬቱን ነገር እሷ ስትድን እንነጋገራለን። አሁን ይውረዱ፣ አንድ ትከሻ ጎድሎናል" አለው ጓንጉል።

ገዥው ወርዶ ትከሻውን አስገባ። እግራቸው ውሃውን ሊነካ ሲል ሌላ ፈረሰኛ እየጋለበ መጣ። ንጉሡ ሐሳባቸውን ለውጠዋል፣ ሹመቱ ጸንቷል አለ። ወዲያው እነዚያ ሁሉ ከየጥሻው እየሮጡ መጡ። ጫማ የላጠው ሰው ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ጌታዬ ይልቀቁ፣ ይሄ ለእርስዎ አይገባም እያሉ ቃሬዛውን ሲሻሙ ሊደፉት ምንም አልቀራቸው። በሽተኛዋ አቃሰተች።

ገዥው ግን አልለቀቀም። "ሹመቱ ሲሄድ ነው ትከሻ እንዳለኝ ያወቅሁት። ስለተመለሰ ብዬ አልለቅም። ዞር በሉ፣ ውሃው እየመጣ ነው" አለ።

አራቱ ገቡ። ውሃው ወገባቸው ላይ ደርሶ እያንገዳገዳቸው ተሻገሩ። ማዶ እንደወጡ ጎርፉ ከኋላቸው ደረሰ። አርባዎቹ ከወዲህ ቆመው "እንኳን ደስ ያለዎት!" ይላሉ፤ በውሃው ጩኸት ማንም አልሰማቸውም።

በሽተኛዋ ዳነች። ገዥው ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ጉዳይ የጓንጉል መሬት ነው።

ወገኖቼ፣ ሹመትና ሀብት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ሊመለስ ይችላል፤ የሰውም ልብ አብሮት ይሄዳል፣ አብሮት ይመለሳል። በአርባዎቹ ግን ቶሎ አንፍረድ። ጫማችን እግራችንን የላጠን ቀን ሁላችንም አለን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ይልቅ ዛሬ የያዝነውን ቃሬዛ እንመልከት። የተሸከምነው ሰውዬውን ነው ወይስ ሹመቱን? ፈረሰኛው ሲደርስስ ትከሻችን የት ይገኛል?