አህያዋና የጉንዳኖቹ አዲስ ሞጁል

አንድ ጊዜ፣ የቆላ እንስሳት ውሃ በጀርባ ማመላለስ ትተው በፓምፕ መጠጣት በጀመሩበት ዘመን፣ ፓምፑን የምትጠብቅ አንዲት አህያ ነበረች። ፓምፑ ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ውሃውን ወደ ዳገቱ ገንዳ ይገፋል። ከጎኑ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ጥፍር የምታክል ሞጁል ተሰክታለች። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑን የምታስነሳው እሷ ናት። ከዚያ አህያዋ እስከ ነገረቻት ቁጥር ድረስ ትቆጥራለች፤ ቆጥራ ስትጨርስ ገንዳው ሞልቷል፣ ፓምፑም ይቆማል። ይህችን ሞጁል የሚሠሩት ጉንዳኖች ናቸው፤ ከእነሱ በቀር እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ የሚችል እንስሳ አልተገኘም።

አህያዋ ሞጁሏን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃት። ፓምፑ ከመምጣቱ በፊት የሰፈሩን ውሃ ሁሉ ከወንዝ ታወጣ የነበረችው እሷ ናት። በጀርባዋ ላይ የነበረው ገጣባ ጠግጎ ፀጉር ያበቀለው ገና አምና ነው።

አንድ ቀን ርግብ ከጉንዳኖች ዘንድ በርራ መጣች። «መልእክት ይዣለሁ» አለች። «ጉንዳኖቹ ይህችን ሞጁል መሥራት አቁመዋል። ያለቻችሁ ከሞተች ምትክ የላትም። አዲስ ዓይነት ሠርተው ለመሞከሪያ ሁለት ልከውላችኋል።»

የአህያዋ ጆሮዎች ወደቁ። «ምን አጠፋች? ደህና እየሠራች አይደለም እንዴ!»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ እህቴ፣ እኔን አትቆጪኝ። አዲሷ ፈጣን ናት፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃታል። ለአሮጌዋ የምትሰጪውን ያህል ከሰጠሻት ግን ትቃጠላለች። ይህን እንዳትረሺ።»

ወሬው ሲሰማ አንበሳ እንስሳቱን ሾላው ሥር ሰበሰበ። «አሮጌዋ እስከ መቼ ትቆይልናለች?» ሲል አህያዋን ጠየቃት።

«እንጃ ጌታዬ። ሙቀት ሲበረታ አንዳንዴ ማንቀላፋት ጀምራለች።»

ይህን ጊዜ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ወደ መሃል ገባ። «ጌታዬ፣ እሜት አህዪትን ምን አስጨነቃት? አሮጌዎቹ ሞጁሎች መቼ አለቁ? ከወንዙ ማዶ በጆንያ ሞልተው የተቀመጡበትን ቦታ አውቃለሁ። የምናውቀውን ትተን የማናውቀውን ለመማር ምን አስቸኮለን?»

እውነቱን ለመናገር የአህያዋ ልብ ወደ ቀበሮ አዘነበለ። የአሮጌዋን ሞጁል እግሮች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የትኛው ኤሌክትሪክ እንደሚቀበል፣ የትኛው ፓምፑን እንደሚያዝ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። ያንን ሁሉ ለመማር ብዙ ደክማለች። እንደገና እንደ ውርንጭላ «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያሉ መጀመር ገና ሲያስቡት ያደክማል።

ጅብ ግን የሰማው «በጆንያ» የሚለውን ብቻ ነበር። ቀበሮን ወደ ቁጥቋጦ ጎተተና «ሁሉንም ለእኔ አምጣልኝ!» አለው። «የሰፈሩ ውሃ በእጄ ይገባል። የጠማው ሁሉ አጥንት ተሸክሞ ደጄ ይሰለፋል!»

«አያ ጅቦ፣ አንተ እኮ አርቀህ የምታስብ ነህ።»

«ነኝ እንዴ?»

«ነህ እንጂ! ግን ጆንያው እንዲሁ አይገኝም። ያቺ ዋሻህ ዝናብ አታስገባም አይደል?»

«ጠብ አይልባትም።»

«እሷን ስጠኝ።»

«ውሰዳት!» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ።

በማግሥቱ ጆንያው መጣ። አህያዋ አንዲት ሞጁል አንስታ አየች። የአሮጌዋ ስም በጥቁር ተጽፎባታል። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተቻት። የጉንዳን ሥራ መቼም ቢሆን ኮምጠጥ ያለች ሽታ አታጣም፤ ይህቺ ግን የምትሸተው አመድ አመድ ነው።

«የጉንዳን ሽታ የላትም» አለች።

«ጉንፋን ይዞሽ ይሆናል» አላት ቀበሮ፣ ጆንያውን ቶሎ ብሎ እያሰረ።

አህያዋ ወደ ሳጥኗ ተመልሳ ከሁለቱ አዲስ ሞጁሎች አንዷን አወጣች። አንበሳም «አሮጌዋ ሥራዋን አታቋርጥ፤ አዲሷን ጎን ለጎን ሞክሪያት» ብሏት ስለነበር፣ የምትሞክራት እንስሳቱ ጠጥተው ፓምፑ ካረፈ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ብቻ ነበር።

የአዲሷ እግሮች ከአሮጌዋ ቀዳዳዎች ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ አህያዋ በመካከላቸው የምትገባ ትንሽ ሰሌዳ ሠራች፤ ሰሌዳዋ ላይም ኤሌክትሪኩን ቀንሶ የሚያሳልፍ ዕቃ አሰረች። ከዚያ ለአሮጌዋ ትሰጣት የነበረውን ትእዛዝ አንዲት ቃል ሳትለውጥ ለአዲሷ ሰጠቻት።

ፓምፑ «እህ!» አለና ቆመ።

ደገመችው። «እህ!»

ሳር የሚነጩት ፍየሎች በሳቅ ፈረሱ። «ፓምፑን ጉንፋን ይዞታል! ይማርህ በሉት!»

ጅብ ሳቁን ሰምቶ መጣና ሞጁሏን ትኩር ብሎ አያት። «ርቧት ነው» አለ።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ አትንካት።»

«ይኸው እኮ ምግቧን የሚቀንስ ዕቃ አስረሽባታል! ጦሟን እያዋልሻት ሥሪ ትያታለሽ? ግፍ አትፈሪም?» አህያዋ ደርሳ ሳትይዘው መቀነሻውን በጥርሱ ነቀለና ሽቦውን በቀጥታ ገጠመው። «ብዪ እናቴ፣ አትፈሪ!»

ከሞጁሏ ቀጭን ጭስ ወጣ። የሚሰነፍጥ ሽታ አካባቢውን ሞላው።

«ጠገበች» አለ ጅብ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

አሁን የቀረችው አንዲት ብቻ ናት። አህያዋ እሷን ለመሰካት እጅግ ፈራች። ይህችም ከተቃጠለች፣ አሮጌዋም ከሞተች፣ ጀሪካኑ ወደ ጀርባዋ ይመለሳል። ገጣባው የነበረበት ቦታ ገና ካሁኑ አሳከካት። ሰንብታ ቆይታ መቀነሻውን መልሳ አሰረችና ሰካቻት፤ ከሰካቻትም በኋላ ያው «እህ!» ነው። መላው ሲጠፋት የድሮውን የውሃ መንገዷን ይዛ ወደ ወንዝ ወረደች።

ስትወርድ እንደ ድሮ ልማዷ እርምጃዋን ትቆጥር ነበር። ስትወጣም ቆጠረች። ድንገት መንገዱ መሃል ቀጥ አለች። ያኔ ውሃ ተጭና ስትወጣና ባዶዋን ስትወርድ የእርምጃዋ ቁጥር እኩል ነበር፤ ጊዜው ግን በጭራሽ እኩል አልነበረም!

«እኔ ደግሞ!» አለች ብቻዋን እየሳቀች። «አሮጌዋ በዝግታ ነው የምትቆጥረው። ይህቺ ፈጣን ናት ተብዬ የለም እንዴ? ያንኑ ቁጥር በዓይን ጥቅሻ ትጨርሰውና ‹ሞልቷል› ብላ ታቆማለች። አልሰነፈችም፤ እኔ ነኝ በሌላ እርምጃ የለካኋት።»

ሮጣ ተመለሰች። አዲሷ ሞጁል በውስጧ የራሷ ሰዓት አላት። አህያዋም «እስከዚህ ቁጥሪ» የሚለውን ትእዛዝ አጥፍታ «ሰዓትሽን እያየሽ ይህን ያህል ጊዜ ጠብቂ» የሚል ተካችበት። ለመሞከር ስትዘጋጅ ግን ከዳገቱ ላይ ጩኸት ሰማች። በዚያ ቀን ሙቀቱ ድንጋይ ያፈነዳ ነበር፤ አሮጌዋ ሞጁል በጠዋቱ ገንዳውን ሳትሞላ ሞታ፣ ፓምፑ ሲቆም አህያዋ ገንዳው የሞላ መስሏት ኖሯል፤ ገንዳው ደርቆ እንስሳቱ ከበውት ቆመዋል።

«ጅብ፣ ጆንያህን አምጣ!» አለ አንበሳ።

«መጀመሪያ አጥንት…» ብሎ ጀመረ ጅብ።

አንበሳ አገሳ።

«…በኋላም ይደርሳል» አለና ጅብ ጆንያውን ዘረገፈው። አንዷን ሰኩ፣ ዝም። ሌላዋን ሰኩ፣ ዝም። ጅብ ተናደደና ሦስተኛዋን ሊቀሰቅሳት ላሳት። ምላሱ ጠቆረ፤ የሞጁሏም ስም ጠፋ። በከሰል ነበር የተጻፈው።

«ቀበሮ! ዋሻዬን!» ብሎ ጮኸ።

«አያ ጅቦ፣ በጆንያ ነው ያሉት አልኩህ፤ በጆንያ አመጣሁልህ። ይሠራሉ ብዬ ማልኩልህ?»

አንበሳ ሁለቱንም ጠራቸው። «ከዋሻው ውጣ» አለው ቀበሮን። «አህያዋ እስክትጨርስ ድረስ ሁለታችሁ ውሃ ታመላልሳላችሁ።» ወዲያው ጀሪካን ተጫነባቸው። ቀበሮ ዳገቱን ሲወጣ ምላሱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ጅብም ከኋላው «ቶሎ በል፣ አርቀህ የምታስብ!» እያለ ይጎሽመዋል።

አህያዋ መቀነሻውን አጥብቃ አሰረች። የሞጁሏን እግሮች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሰካቻት።

ፓምፑ «እህ!» አለ። ፍየሎቹ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። ፓምፑ ግን አልቆመም። ማጉረምረም ጀመረ፤ ቱቦው ተነፋ፤ ገንዳው ውስጥ ውሃ ፏፏ አለ። እስከ አፉ ሞልቶ ሊፈስ ሲል ፓምፑ በራሱ ዝም አለ። ፍየሎቹ ከፍተውት በቀሩት አፋቸው ጠጡ። አህያዋ የመጨረሻዋ ሆና ጠጣችና ጀርባዋን ከሾላው ግንድ ጋር ደስ ብሏት አሻሸች፤ ምንም አያማትም።

ከዚያ ወዲህ ትእዛዟን በሁለት ከፍላ ማስቀመጥ ለመደች። አንደኛው ሰፈሩ የሚፈልገው ነው፤ እሱ አይለወጥም። ሁለተኛው የሞጁሏ ጠባይ ነው፤ ሞጁል ሲለወጥ እሱ ብቻ ይለወጣል። አንዲት ሞጁልም ከሳጥኑ ጎን ሁልጊዜ ለሙከራ ተቀምጣ ትኖራለች።

ብዙ ክረምት አልፎ ርግብ እንደገና መጣች። ሾላው ላይ አርፋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እህቴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ጉንዳኖቹ ይህችንም…»

«አቆሙ?»

«አቆሙ።»

«ደህና» አለች አህያዋ፣ ጆሮዎቿ እንደቆሙ። «በይ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፤ ከዚያ አዲሷን እናያታለን።»

ጅብ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እኔ ላጉርሳት?»

«አይሆንም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ከዚህ የምንማረው፣ የለመድነው ነገር ዘመኑ ሊያልፍ ሲል ገና በእጃችን ሳለ አዲሱን ጎን ለጎን መልመድ እንዳለብን፣ አዲሱንም በአሮጌው ልክ ሳይሆን በራሱ ጠባይ መያዝ እንደሚገባን ነው።