ነብር ወላዷ ዐይን

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ያቅርብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

በድሮ ዘመን፣ ገደልም ድንጋይም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ከአንድ የገብስ ማሳ በላይ ካለ ገደል አፋፍ የዝንጀሮ መንጋ ይኖር ነበር። መንጋው ማሳው ውስጥ ገብቶ ሲበላ አንዷ ብቻ አትበላም። እሷም አሮጊቷ እመት ዳመነች ናት። ጠባቂ ነበረች። ሥራዋ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማየት፣ ነብር ሲመጣ «ነብር!» ብሎ መጮህ። ይኸው ነው። ልጇን ነብር በልቶባት፣ ከዘር የቀረቻት የልጅ ልጇ ድንቡሼ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ማየት አይታክታትም።

ዝንጀሮዎቹ ግን ነገሩ መረራቸው። እሸቱን ቀጥፈው አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ «ነብር!»፤ ሽሽት። ተመልሰው ሊጀምሩ ሲሉ «ነብር!»፤ ሽሽት። ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣበቀ፤ ማጉረምረም ጀመሩ።

ማጉረምረሙን አያ ነብሮ ሰማ። አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ቆሞ የመንጋውን አለቃ ጠራው።

«አያ ጎፈሬ፣ እንደምን ሰነበትክ?»

«እግዜር ይመስገን። ብቻ እዚያው ሁን!»

«እዚሁ ነኝ። እኔ እኮ በራሴም ግራ ገብቶኛል። ዋሻዬ ውስጥ ለጥ ብዬ ተኝቼ፣ ያቺ አሮጊት ዐይኗን ስታፈጥ ራሴን ገብስ መሀል አገኘዋለሁ። ባታየኝ ኖሮ የለሁም ነበር። እስቲ አስበው፤ እሷ ሳታየኝ መጥቼ አውቃለሁ?»

አያ ጎፈሬ ጎፈሬውን አከከ። አሰበ። እውነትም እሷ «ነብር» ሳትል ነብር ያዩበትን ቀን ማስታወስ አቃተው። በረረና መንጋውን ሰበሰበ።

«ጉድ ስሙ! ነብሩን የምትወልደው የዳመነች ዐይን ናት!»

«ልጄን ሲበላት እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለች እመት ዳመነች። «ያኔ የማን ዐይን ወለደው?»

«የልጅሽ ነዋ! እሷ አይታው ነዋ!» አለ አያ ጎፈሬ።

መንጋው «እሰይ የኛ ሊቅ!» አለ።

የምትቀመጥበት ድንጋይ ብዙ መናገር አይወድም፤ ያን ዕለት ግን ተናገረ። «ሌሊት ሁላችሁ ስታንኮራፉ እኔን ማንም አያየኝም። ጠዋት ስትነሱ ግን እዚሁ ታገኙኛላችሁ። የት ደርሼ የመጣሁ ይመስላችኋል?»

«ድንጋይ ደግሞ ምን ያውቃል!» አሉት።

በዚያ አገር ክርክር ሲጠና ወደ አባ ገደል መሄድ ወግ ነበር። አባ ገደል ያለው ፍርድ ነው። አያ ጎፈሬ አፋፉ ላይ ቆመና «አባ ገደል ሆይ፣ ካላዩት ነብር አለ ወይስ የለም?» ብሎ ጮኸ።

«የለም… የለም…» አለ አባ ገደል።

«ተፈረደ!»

እመት ዳመነችም ጠጋ ብላ «አለ!» ብላ ጮኸች።

«አለ… አለ…» አለ አባ ገደል።

«እንግዲህ አርጅቷል፤ የፊተኛው ቃሉ ይጽና» አለ አያ ጎፈሬ።

የእመት ዳመነችን ዐይን በኮባ ቅጠል ሸፍነው በሐረግ አሰሩት። «ከፈታሽው ከነልጅ ልጅሽ ከመንጋው ትባረሪያለሽ» አሏት። ከመንጋ የተለየች ዝንጀሮ ስንት ቀን እንደምትኖር ታውቃለች። እንደታሰረች ከድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ቀን ነብር አልመጣም፤ መንጋው በላ። በሁለተኛው ቀን ነብር አልመጣም፤ መንጋው በልቶ ጨፈረ። አያ ነብሮ ዋሻው ደጃፍ ላይ ሆኖ ሲወፍሩ ያይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ለእመት ዳመነች ሽታ አመጣላት። ልጇ በሞተች ቀን የሸተታት ሽታ ነው። «አላየሁትም፤ ታዲያ እንዴት ይሸተኛል?» አለች በልቧ።

ድንጋዩ ከሥሯ ሹክ አላት። «እግሩ ይሰማኛል። አራት ነው። ቀስ እያለ ነው።»

ድንቡሼ ከታች ከገብሱ ዳር ትቦርቃለች። ቅጠሉን ብትፈታ መባረር አለ፤ ባትፈታ ድንቡሼ የለችም። ሐረጉን በጥሳ ቅጠሉን ጣለችው።

«ነብር!»

መንጋው እግሬ አውጪኝ አለ። ድንቡሼም ሮጣ ከአያቷ እቅፍ ገባች። አያ ጎፈሬ ግን መሸሽ አሳፈረው። ነገሩን ያመጣው እሱ ነዋ! እማሳው መሀል ቁጭ አለና ሁለት ዐይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ «የለም!» አለ።

«የለም… የለም…» አለ አባ ገደል።

«አያ ጎፈሬ» አለ ነብሩ አጠገቡ ደርሶ፣ «እንደምን ሰነበትክ?»

የተረፈውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ የአያ ጎፈሬ እናት አፋፉ ላይ ወጣች። «ልጄ አለ!» ብላ ጮኸች። «አለ… አለ…» አላት አባ ገደል። ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ ሦስት ጊዜ «አለ» አላት። ከዚያ ዞር ብላ ልጇ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አየች። ባዶ ነው። ብታየውም ባዶ ነው፣ ባታየውም ባዶ ነው። እመት ዳመነች ከድንጋይዋ ወርዳ አቀፈቻት፤ እሷም ልጅ አጥታለችና አብራት አለቀሰች። ሲበቃቸው ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። ማንም ውረጂ አላላትም።

ተረቴን ከሰማችሁኝ ወዲያ መርቁኝና ልሂድ፤ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፦ ዐይን ያያል እንጂ አይወልድም።